ከጦማር እስከ ጦማር፦ የሕትመት ነጻነትና የግል ምሥጢር በኢትዮጵያ

«ጦማር» በግዕዝ ደብዳቤ ማለት ነው፤ አንዱ ጽፎና አሽጎ ለሌላው የሚልከው ጽሑፍ። የግል ጋዜጦች በፈሉበት ዘመን አንድ የአዲስ አበባ ሳምንታዊ ጋዜጣ ይህንኑ ቃል ስሙ አደረገው። ቆይቶም በኢንተርኔት የሚጽፉ ወጣቶች ገጻቸውን «ጦማር»፣ ራሳቸውን «ጦማሪ» ብለው ጠሩ፤ ቃሉም በዚያው ጸና። እንዲህ ሆኖ ለአንድ ሰው ብቻ የሚጻፈውና ለአገር ሁሉ የሚጻፈው በአንድ ስም ተገናኙ።

የዚህ ቅኝት መነሻ አሳብ ከዚህ ቃል አይርቅም። የፕሬስን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የጋዜጦችን መከፈትና መዘጋት፣ የጋዜጠኞችን መታሰርና መፈታት ይቆጥራሉ። የደብዳቤ ምርመራንና የስልክ ጠለፋን ደግሞ ለሕግ ባለሙያውና ለኮምፒውተር ዐዋቂው ይተዉታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስንዘረጋቸው ግን የምናገኘው አንድ ታሪክ ነው። አደባባዩ ሲዘጋበት ቃል ወደ ጓዳ ይገባል፤ መንግሥትም ዱካውን ተከትሎ ጓዳ ይገባል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ከማተሚያ መኪና በፊት የነበረውን ዘመን በአጭሩ እንለፈው። የመንግሥት ቃል በነጋሪት እየተጎሰመ በአዋጅ ይወርድ ነበር፤ የሕዝቡ ቃል ደግሞ በእረኛ ዘፈን፣ በአዝማሪ ስንኝ፣ በሙሾ ይወጣል። ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር አያቶቻችን አውርሰውናል። ጥያቄው ብዙ ጊዜ እንደ ጥሩ ወግ ይነገራል፤ መሪው የሕዝቡን ስሜት ለማወቅ መጓጓቱን ያሳያልና። ግን መልሱን ለቅሞ የሚያመጣ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ያ ሰው በአማርኛ «ጆሮ ጠቢ» ይባላል። ጆሮ ጠቢ ባለበት አገር ተናጋሪውም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ሰምና ወርቅን የቋንቋ ጌጥ ብቻ አድርገን እናስተምራለን እንጂ፣ ኃይለኛው ፊት ቆሞ ሳይያዙ ለመናገር የተበጀ ብልሃትም ነበር። ሰሙን ሁሉም ይሰማዋል፤ ወርቁን የሚያወጣው ቁልፉ ያለው ነው። የዛሬ ባለሙያዎች ምስጠራ የሚሉት ነገር ለእኛ አገር ጆሮ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም።

ሕትመትና ሽቦ ወደ ቤተ መንግሥቱ የገቡት በአንድ ዘመን ነው፤ የዐፄ ምኒልክ ዘመን። ፖስታ፣ ቴሌግራፍና ቴሌፎን በዓድዋ ዋዜማና ማግሥት ሲዘረጉ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣም በ1890ዎቹ ተወለደ። «አእምሮ» በመጀመሪያ በእጅ ጽሕፈት የሚባዛ ነበር። ብላታ ገብረ እግዚአብሔር እንዳዘጋጁት፣ ቅጂውም 24 ያህል እንደነበር፣ ስሙንም ያወጡለት ራሳቸው ምኒልክ እንደሆኑ ይነገራል። በኋላ አንድሬያስ ካቫዲያስ የተባለ ግሪካዊ በማባዣ መሣሪያ አበዛው። በዚያ ዘመን የጋዜጣው አንባቢና የቴሌፎኑ ተናጋሪ ከሞላ ጎደል አንድ ወገን ነበሩ፤ መኳንንቱ፣ ሹማምንቱ፣ የውጭ መልእክተኞች። ሽቦው የመንግሥት፣ ጋዜጣውም በመንግሥት መልካም ፈቃድ የሚኖር ነበር። ይህ አወላለድ ቀጥሎ ለሚመጣው ሁሉ መሠረት ጥሏል፦ ማተሚያውም መስመሩም ከአንድ ባለቤት እጅ ወጥተው አያውቁም ለማለት የሚያስደፍር ዘመን ተከተለ።

አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1914 ያቋቋሙት ማተሚያ ቤትና በ1917 መውጣት የጀመረው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ሁለተኛውን ምዕራፍ ከፈቱ። ጋዜጣው የተራማጅ ምሁራን መድረክ ሆነ፤ ስለ ትምህርት፣ ስለ ባርነት፣ ስለ አስተዳደር መሻሻል ተጻፈበት። ይሁን እንጂ መድረኩን የዘረጉት ሰው ዘውድ ጠባቂ ስለነበሩ ክርክሩ እርሳቸው ከሚሹት ለውጥ ብዙ አይርቅም ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር በ1923 የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ነው። ከ55 አንቀጾቹ ውስጥ ስለ ጋዜጣ ነጻነት የሚናገር አንድም የለም። 26ኛው አንቀጽ ግን በሕግ ከተፈቀደው ሁኔታ በቀር የኢትዮጵያን ተወላጅ ደብዳቤ ማንም ሊመረምር እንደማይችል ይደነግጋል። በወረቀት ላይ፣ የታሸገው ፖስታ ከጋዜጣው ቀድሞ ጥበቃ አገኘ ማለት ነው። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም፤ ደብዳቤ የሚጻጻፉት መኳንንቱ ነበሩና ደብዳቤን መጠበቅ የሹማምንትን ክብር መጠበቅ ነው። ጋዜጣ ግን ተራውን ሰው አንባቢ ሊያደርግ የሚችል አዲስ ነገር ነበር።

የፋሺስት ወረራ ይህን ጅምር ቆረጠው፤ በየካቲት 1929 ፍጅትም ከተማረው ትውልድ ብዙው አለቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ ግንቦት 30 ቀን 1933 «አዲስ ዘመን» ወጣ፤ «ኢትዮጵያን ሄራልድ» ተከተለ። ከነጻነት በኋላ የተስፋፋው ፕሬስ በመንግሥት የተመሠረተ፣ በመንግሥት የሚመራ፣ አዘጋጁም የመንግሥት ሠራተኛ የሆነበት ፕሬስ ነው። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጹ የንግግርና የጋዜጣ ነጻነትን «በሕጉ መሠረት» ሲፈቅድ፣ በ42ኛው ደግሞ አስቸኳይ ጊዜ ካልታወጀ በቀር የሰው ደብዳቤ ምርመራ እንደማይደረግበት ደነገገ። ሕግ አርቃቂዎቹ ሁለቱን መብቶች ጎን ለጎን ማስቀመጣቸው ከእኛ የዛሬ ልማድ የተሻለ ማስተዋል ይመስለኛል።

ወረቀቱ ይህን ሲል ሳንሱሩ ሥራውን ቀጠለ። መጽሐፍም ቴአትርም ጋዜጣም ለሕዝብ ከመድረሱ በፊት በመርማሪ እጅ ያልፍ ነበር። አቤ ጉበኛ በ1955 ያሳተመው «አልወለድም» ታገደ፤ ደራሲውም ለግዞት ተዳረገ። ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ቤተ መንግሥቱ ጥርጣሬ ጨመረ፤ አደባባዩ ጠበበ፤ ቃልም እንደ ልማዱ ጓዳ ገባ። የጓዳው ቃል በወረቀት ተባዝቶ የወጣው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ነበር። የተማሪዎቹ ልሳን «ስትራግል» በኅዳር 1962 የብሔረሰቦችን ጥያቄ የሚያነሣውን የዋለልኝ መኰንንን ጽሑፍ አወጣ፤ በታኅሣሥም የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ። ይህን ዘመን በአንድ ዐረፍተ ነገር ለመጠቅለል፦ ሕገ መንግሥቱ መብቶቹን አወቀ፣ ተቋሞቹ ግን አላወቋቸውም።

የካቲት 1966 ሌላ በር ከፈተ። ለጥቂት ወራት የመንግሥት ጋዜጦች ሳይቀሩ ደፈር ብለው ጻፉ፤ «ጎህ»ን የመሰሉ መጽሔቶች የግራውን ክርክር አደባባይ አወጡ። ያ የመተንፈሻ ወቅት ያለፈበት ፍጥነት ዛሬም ያስገርማል። ደርግ ሥልጣኑን ሲያጠብቅ የግራ ድርጅቶቹ ልሳኖች፣ የኢሕአፓ «ዴሞክራሲያ» እና የመኢሶን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ»፣ ከመደርደሪያ ወደ ኪስ፣ ከኪስ ወደ ፍራሽ ሥር ወረዱ። በ1969 በአዲስ አበባ በተካሄደው የቤት ለቤት አሰሳ ከጦር መሣሪያ ጋር የጽሕፈት መኪናና የማባዣ መሣሪያም ይፈለግ ነበር። መንግሥት የጽሕፈት መኪናን ከጠመንጃ ጋር ሲደምር ስለ ቃል ኃይል ከምሁራኑ በላይ የገባው እርሱ ነበር ማለት ይቻላል። አንዲት ወረቀት ይዞ መገኘት ሕይወት ያስከፍል ነበር፤ ቀበሌው የጎረቤቱን ገቢና ወጪ ይመዘግባል፤ «ግድግዳም ጆሮ አለው» የሚለው አባባል ምክር መሆኑ ቀርቶ የቤት ደንብ ሆነ።

ሰው ግን መስማት አልተወም። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ስርጭት በ1957፣ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ በ1975 ዋዜማ ጀምረው ነበርና ማታ ማታ በር ተዘግቶ፣ የሬድዮኑ ድምፅ ተቀንሶ፣ ጆሮ ከሣጥኑ ጋር ተጣብቆ ይደመጣል። የዚያ ዘመን ልጆች የዜናውን ይዘት ባያስታውሱ እንኳ የአባታቸውን ጣት መቆጣጠሪያው ላይ ያስታውሳሉ። ውስጥ ሆኖ ለመጻፍ የደፈረው ደግሞ የበዓሉ ግርማ ዕጣ ገጠመው። በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን የነበረው ደራሲ «ኦሮማይ»ን በ1975 አሳተመ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራ ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ሳንሱሩ ፈቃድ ሰጥቶት የታተመ መጽሐፍ ነበር። የተቋሙ ፈቃድ ለጸሐፊው ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ግንቦት 1983 የሥርዓት ለውጥ ነበር፤ ለፕሬስ ግን ትክክለኛው የለውጥ ቀን በጥቅምት 1985 የወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34 ነው። አዋጁ ቅድመ ምርመራን ከለከለ፤ የግል ጋዜጣ በሕግ ተፈቀደ። የአዲስ አበባ አስፋልት በጥቂት ወራት ውስጥ በጋዜጣና በመጽሔት ተሸፈነ፤ አዟሪ ልጆች ርእሱን እየጮሁ ይሸጡ ነበር፤ ለመግዛት ያልቻለው ተከራይቶ ያነብ ነበር። ጥራቱ የተዘበራረቀ፣ ድፍረቱ የማያጠያይቅ ዘመን ነበር። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም ሁለቱን መብቶች ዘመናዊ ልብስ አለበሳቸው፤ አንቀጽ 29 ሳንሱርን በግልጽ ይከለክላል፤ አንቀጽ 26 በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይጠብቃል። የደብዳቤው መብት በ1923ም በ1987ም ያረፈው በ26ኛው ቁጥር ላይ መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ሕገ መንግሥት የሚያነብ ሰው እንዲህ ያለውን አጋጣሚ ይወዳል።

ሳንሱር ተነሥቶ ክስ ተተካ። ከመታተሙ በፊት የማይመረመረው ጽሑፍ ከታተመ በኋላ ያስከስስ ጀመር፤ በስም ማጥፋት፣ ሐሰተኛ ወሬ በመንዛት፣ በማነሣሣት። ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ ባሉት ዓመታት ኢትዮጵያ ጋዜጠኞችን በብዛት ከሚያስሩ የአፍሪካ አገሮች ፊት ተሰለፈች። አዘጋጆች በአንድ ጊዜ በርካታ የክስ መዝገብ እየተከፈተባቸው ከችሎት ችሎት ይመላለሱ ነበር። ያም ሆኖ መንግሥት ገና ወደ ጓዳ አልዘለቀም ነበር ማለት ይቻላል፤ ጠቡ በአደባባይ፣ በታተመ ወረቀት ላይ ነበር። በ1989 ኢንተርኔት ገባ፤ ተንቀሳቃሽ ስልክ ተከተለ፤ ሁለቱም በአንድ የመንግሥት ኩባንያ ብቻ። የምኒልክ ሽቦ ባለቤቱን አልቀየረም።

የታሪኩ ታላቅ መታጠፊያ ግንቦት 7 ቀን 1997 ነው። የዚያን ጊዜ ምርጫ የጋዜጦችን ስርጭት ወደ ላይ ሰቀለው፤ ከምርጫው በኋላ በተነሣው ግጭትና እስር ግን ጋዜጦች ተዘጉ፤ አዘጋጆች ከተቃዋሚ መሪዎች ጋር በአንድ መዝገብ ተከሰሱ። ጋዜጠኛ ሰርካለም ፋሲል ልጇን የወለደችው እስር ቤት ሆና ነው። የጋዜጣው መዘጋት ግን ከዚህ በፊትም የታየ ነበር። አዲሱ ነገር በሰኔ 1997 የስልክ አጭር የጽሑፍ መልእክት መቋረጡ ነው። ተቃዋሚዎች ደጋፊ የሚያሰባስቡበት መንገድ እርሱ ነበርና እስከ መስከረም 2000፣ ከሁለት ዓመት በላይ፣ ኢትዮጵያዊ ለኢትዮጵያዊ «እንኳን አደረሰህ» የሚል አጭር መልእክት በስልክ መላክ አልቻለም። የጋዜጣ መዝጊያው እጅና የደብዳቤ መያዣው እጅ አንድ እንደሆነ የታየው ያን ጊዜ ነው። በ1998 ነቃፊ ጦማሮችና ድረ ገጾች መዘጋት ጀመሩ፤ በ1999 የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ፣ በተለምዶ ኢንሳ፣ ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት የቴሌኮም ማስፋፊያው በ1.5 ቢሊዮን ዶላር የብድር ውል ለቻይናው ዜድቲኢ ተሰጠ።

የሕጉ ማዕቀፍ ተከተለ። የጸረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ሁለቱን የታሪካችንን ክሮች በአንድ ሰነድ ውስጥ አሰረ። 6ኛው አንቀጽ ሽብርን ያበረታታል ተብሎ ሊተረጎም የሚችል ጽሑፍ ማውጣትን ከ10 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣ ነበር። 14ኛው አንቀጽ የደህንነት መሥሪያ ቤቱ በፍርድ ቤት ፈቃድ ስልክ፣ ኢንተርኔትና ፖስታ እንዲጠልፍ ይፈቅድ ነበር። አንዱ አንቀጽ ለጋዜጣው፣ ሌላው ለደብዳቤው። «አዲስ ነገር» ጋዜጣ በ2002 ተዘጋ፤ አዘጋጆቹ ተሰደዱ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት ለማፈን ዝግጁ እንደሆኑ በይፋ ተናገሩ፤ ጣቢያውንም በሩዋንዳው ፍጅት ከተሳተፈው ሬድዮ ጋር አነጻጸሩ። በ2003 ጋዜጠኞቹ ርእዮት ዓለሙና ውብሸት ታዬ፣ በ2004 መጀመሪያ እስክንድር ነጋ ታሰሩ። እስክንድር 18 ዓመት ተፈረደበት። ሁለት የስዊድን ጋዜጠኞችም በዚሁ አዋጅ 11 ዓመት ተፈርዶባቸው ከአንድ ዓመት እስር በኋላ በይቅርታ ወጡ።

እዚህ ላይ ጦማሪዎቹ ይመጣሉ። በ2004 የተጀመረው «ዞን ዘጠኝ» ስሙን ያገኘው ከቃሊቲ ነው። እስር ቤቱ ስምንት ዞኖች ነበሩት፤ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ነው የሚል ምጸት። ሰምና ወርቅ ወደ ኢንተርኔት ሲገባ እንዲህ ይመስል ነበር። በሚያዝያ 2006 ስድስት ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ተያዙ። የክስ ማመልከቻውን ለታሪክ ጸሐፊ ልዩ የሚያደርገው በወንጀል ማስረጃነት ከተቆጠሩት ነገሮች አንዱ የኢንተርኔት ግንኙነትን በምስጢር ስለመጠበቅ የወሰዱት ሥልጠና መሆኑ ነው። ከእንግዲህ ወንጀሉ የጻፉት ብቻ አልሆነም፤ የጻፉትን ከአጮልቆ ተመልካች መሸሸጋቸውም ሆነ። በሌላ አነጋገር፣ በሩን የዘጋ ሰው በሩን በመዝጋቱ ተከሰሰ። ግማሾቹ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተነሥቶ ወጡ፤ በጥቅምት 2008 ደግሞ ፍርድ ቤቱ በቀሪዎቹ ላይ የቀረበውን የሽብር ክስ ውድቅ አደረገው። እስከዚያ ድረስ ግን አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ታስረዋል።

የስደተኛው ዓለምም በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ ምዕራፍ አለው። አገር ቤት የተዘጋው ጋዜጣ በዋሽንግተንና በአምስተርዳም የኢሳት፣ ቆይቶም በሚኒሶታ የኦኤምኤን ቴሌቪዥን ሆኖ በሳተላይት ተመለሰ። ተከታዩ እጅ ግን ድንበር አላገደውም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ በመጋቢት 2005 ባወጣው ጥናት ፊንስፓይ የተባለ ሰላይ ሶፍትዌር «ግንቦት 7» የተባለውን ተቃዋሚ ድርጅት አባላት ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ እንደሚሠራጭ፣ የሚታዘዝበትም ኮምፒውተር በኢትዮ ቴሌኮም መስመር ላይ እንደነበር አሳየ። በታኅሣሥ 2006 ደግሞ የኢሳት ባልደረቦች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተመሳሳይ ጥቃት ተሞከረባቸው፤ መሣሪያው የሚላኑ ሃኪንግ ቲም ሥሪት ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ሰነድ መስሎ በስካይፕ ወይም በኢሜይል የሚመጣ ፋይል ይላካል፤ የከፈተው ሰው ኮምፒውተር ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚጻፍበትን፣ የሚነገርበትን፣ የተከማቸበትን ለሩቅ ጌታው ያቀብላል። በሰኔ 2007 መጨረሻ የሃኪንግ ቲም የራሱ ጓዳ ተበርብሮ 400 ጊጋባይት የሚሆን ሰነድ ሲዘረገፍ፣ ከደንበኞቹ መካከል ኢንሳ ተገኘ፤ የውሉም ዋጋ አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ጆሮ ጠቢው ከቤተ መንግሥት አደባባይ ተነሥቶ ሚላን ደረሰ።

አገር ውስጥ የነበረውን ሥዕል ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ዘግቦታል፤ በምርመራ ወቅት የራሳቸው የስልክ ንግግር ቅጂ የተሰማቸው፣ ከውጭ አገር ቁጥር ስልክ ስለተደወለላቸው ብቻ የተጠየቁ ሰዎችን ቃል ሰብስቦ። የዚህ ሁሉ ውጤት ከተያዙት ይልቅ ባልተያዙት ላይ ነበር። በዚያ ዘመን ከአሜሪካ ወይም ከአረብ አገር ቤተሰቡ ጋር ደውሎ ያወራ ሰው ያውቀዋል፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ኑሮ ውድነት በግማሽ ቃል፣ ከዚያ «ሌላውን ስንገናኝ»። ጋዜጠኛ ምንጩን ማጣት የሚጀምረው ከዚህ ነው። የሚናገረው ሰው ስልኩን ከፈራ፣ ሕጉ የቱንም ያህል ቢፈቅድ የሚጻፍ ነገር የለም።

ከዚህ ዘመን ጉዳዮች ሁሉ በሕግ ረገድ ትልቁ በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት የታየው «ኪዳኔ በኢትዮጵያ ላይ» የተባለው ክስ ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነ አሜሪካዊ ዜጋ፣ በሜሪላንድ የሚኖር፣ ስሙን በምስጢር ይዞ በየካቲት 2006 ከሰሰ፤ ፊንስፓይ ቤቱ ባለ ኮምፒውተር ላይ ከአራት ወር በላይ ተቀምጦ የስካይፕ ንግግሩንና የቤተሰቡን የኢንተርኔት አጠቃቀም ቀድቷል ሲል። ኢትዮጵያ የተከራከረችው በሉዓላዊ መንግሥት ያለመከሰስ መብት ነው። የይግባኙ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2009 ተቀበላት፤ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ ካልሆነ ክሱ አይሰማም፣ ትእዛዙ ደግሞ ከውጭ የመጣ ነው በማለት። ሰላዩ በአካል መጥቶ ሽቦ ቢቀጥል ኖሮ ይከሰስ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ሆኖ ስለቀጠለው አልተከሰሰም። ጠለፋው ሕጋዊ ነበር ያለ ግን የለም፤ የጉዳዩ ፍሬ ነገር ሳይነካ ቀረ።

ክሱ ሲሰናበት ስለላው አልቆመም። በኅዳር 2010 ሲትዝን ላብ ሌላ ጥናት አወጣ። በዚህኛው መሣሪያው የእስራኤሉ ኤልቢት ሲስተምስ ንዑስ ኩባንያ የነበረው የሳይበርቢት ሥሪት ነበር፤ ዒላማዎቹ በ20 አገሮች ተበትነው የነበሩ ሲሆን ከእነርሱ አንዱ የኦኤምኤኑ ጃዋር መሐመድ ነበር። ማጥመጃው የቪድዮ ማጫወቻ ማሻሻያ የሚመስል ፋይል ነው። አስቂኙ ነገር ተመራማሪዎቹ ይህን ሁሉ ያወቁት የሰላዮቹ የራሳቸው መዝገብ ለማንም ክፍት ሆኖ በኢንተርኔት ላይ ስለተገኘ መሆኑ ነው። የሰውን ጓዳ ሲበረብሩ የራሳቸውን በር መዝጋት ረስተው ነበር።

ከ2008 ጀምሮ የተቀጣጠለው ተቃውሞ አራተኛ መሣሪያ አመጣ፦ መስመሩን ጨርሶ መቁረጥ። በመስከረም 2009 መጨረሻ የታወጀው አስቸኳይ ጊዜ ኢሳትንና ኦኤምኤንን መመልከትን ራሱን ከለከለ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተዘጋ። እስካሁን ያየነውን ብንሰበስብ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ተመረመረ፤ ከዚያ ከታተመ በኋላ ተከሰሰ፤ ከዚያ ጸሐፊው ሳያውቅ ተጠለፈ፤ በመጨረሻም ጸሐፊና አንባቢ፣ ላኪና ተቀባይ ሳይለዩ ሁሉም በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ጠፉ።

በየካቲት 2010 እስረኞቹ ተፈቱ፤ በመጋቢት መጨረሻ ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በሰኔ ከ260 በላይ የታገዱ ድረ ገጾችና ጦማሮች ተከፈቱ። ኢሳትና ኦኤምኤን አገር ቤት ገቡ። በሚያዝያ 2011 የዓለም የፕሬስ ነጻነት ቀን በአዲስ አበባ ተከበረ። ድንበር የለሽ ዘጋቢዎች በሚያወጣው የ180 አገሮች ሰንጠረዥ ኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ150ኛ ወደ 110ኛ ደረጃ ዘለለች። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ ያን ጊዜ የተደሰተውን አንባቢ ማንም ሞኝ ሊለው አይገባም። ይሁን እንጂ የተከፈቱት በሮች እንጂ ማብሪያ ማጥፊያው አልተነቀለም። በሰኔ 2011 ኢንተርኔት ተቋረጠ። በሰኔ 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ከኢንተርኔት ጠፋች። ጦርነቱ ከተቀሰቀሰበት ከጥቅምት 25 ቀን 2013 ጀምሮ ትግራይ ከሞላ ጎደል ለሁለት ዓመት ያለ ስልክና ያለ ኢንተርኔት ቆየች፤ ጋዜጠኛም እንደ ልቡ አልገባ፣ ደብዳቤም አልወጣ። ልጅ እናቱ በሕይወት መኖሯን ሳያውቅ የከረመባቸው ወራት ናቸው። በየካቲት 2015 ከቤተ ክርስቲያን ውዝግብ ጋር ተያይዞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ተዘጉ፤ አገሬው በቪፒኤን ተሻገረ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቆረጠ፤ ወዲያው በታወጀው አስቸኳይ ጊዜ ከተያዙት መካከል የነበሩ ጋዜጠኞች አዋሽ አርባ በሚገኝ የጦር ካምፕ ታሰሩ።

ሕጎቹ በዚህ መካከል ተሻሽለዋል፤ ይህ መካድ የለበትም። የጸረ ሽብር ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተተካ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን አማካይነት ለተፈጸመ ወንጀል የተጠረጠረ ሰው ለምርመራ ሳይታሰር ክሱ በቀጥታ ለፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። በሌላ በኩል የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በሰፊ ትርጉሙ አሮጌውን «ሐሰተኛ ወሬ መንዛት» ያስታውሳል። በሚያዝያ 2017 የጸደቀው የመገናኛ ብዙኃን ሕግ ማሻሻያም የተቆጣጣሪውን ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር ሹመት ከምክር ቤቱ ወስዶ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰጥቷል። በ2017ቱ ሰንጠረዥ የኢትዮጵያ ደረጃ 145ኛ ነበር።

የጓዳው ሕግም ተራውን አገኘ። በ2015 መጀመሪያ ሳፋሪኮም አገልግሎት ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው የመስመሩ ብቸኛ ባለቤትነት አከተመ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 «ፋይዳ»ን አመጣ፤ የጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል በአንድ ቋት። በ2016 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጣ። ከ1923ቱ 26ኛ አንቀጽ በኋላ ዜጋው ስለ ራሱ መረጃ መጠየቅ የሚችልበት ዝርዝር ሕግ ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ተጠሪነቱም ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። መንግሥትን ለመቆጣጠር የተሾመው ጠባቂ ራሱ ለመንግሥት ሪፖርት የሚያደርግ ከሆነ፣ ሕጉ ከጎረቤትና ከነጋዴ ያስጥል ይሆናል እንጂ ከዚህ ታሪክ ዋና ባለጉዳይ አያስጥልም።

ጋዜጠኛ ሲያዝ የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው፦ የት ታሰረ፣ በምን ተከሰሰ፣ መቼ ይቀርባል። የዚህን ጽሑፍ አንባቢ ሌሎችም እንዲጨምርባቸው እለምናለሁ። ስልኩ የማን እጅ ገባ፣ በየትኛው ፍርድ ቤት ትእዛዝ ተከፈተ፣ በውስጡ የነበሩት የሌሎች ሰዎች ደብዳቤዎችስ አሁን የት ናቸው?